ስለ ጠራጊው ሮቦትና ስለ ባትሪው



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ሩምባ የተባለው ጠራጊ ሮቦት በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፥ ይህን የመሰለው መሣሪያ በብዙ አገር ወደ ሰው ቤት ገብቷል። በእኛም ከተማ ዘመድ ከውጭ አገር በላከለት ሰው ቤት ይታያል። ዛሬ የምናገረው ግን መሣሪያው በየጥቂት ደቂቃው እየቆመ ባለቤቱን ሲያስቸግር ምን መደረግ እንደሚገባው ነው።

ብዙ ሰው መሣሪያው የቆመ እንደሆነ ወዲያው «ባትሪው ሞቷል» ብሎ ይፈርድበታል። እኔም በዚሁ ፍርድ ተሳስቼ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነብኝ። በኋላ መሣሪያውን ገልብጬ ባየው፥ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ የብረት መገናኛዎች በአቧራ ተሸፍነው ኖሯል። አንድ ደረቅ ጨርቅ ለሚሠራው ሥራ ብዙ ገንዘብ ከሰርሁ። ስለዚህ ምርመራው በተራ ይሁን።

አንደኛ፤ የሚሞላበት ማስቀመጫ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ያረጋግጡ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ማስቀመጫው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነም በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ፤ አንዳንዱ የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ስለሆነ፥ በእኛ 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይበላሻል።

ሁለተኛ፤ ሶኬቱን ነቅለው፥ በመሣሪያውም በማስቀመጫውም ያሉትን መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ።

ሦስተኛ፤ ብሩሹንና ጎማዎቹን ይመልከቱ። ፀጉርና ክር የተጠመጠመበት ብሩሽ ለመዞር ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ፥ ደኅናው ባትሪ የደከመ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ በሰዓት ይያዙ። በአዲስነቱ ይሠራ ከነበረው ግማሹን እንኳ የማይደርስ ከሆነ፥ በእርግጥ አርጅቷል ማለት ነው። የሊትየም ባትሪ በሞላና በጎደለ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ያረጃል፤ ሙቀትም እርጅናውን ያፋጥነዋል። እንግዲያስ ማስቀመጫው ፀሐይ ከሚመታው ስፍራ ይራቅ። መሣሪያው ለወራት የማይሠራበት ከሆነም ባትሪው ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ እንጂ ባዶውን አይቈይ። አዲስ ሲገዛም ለዚያው ሞዴል የተሠራ ይሁን።

የመጨረሻው ቃሌ ማስጠንቀቂያ ነው። ያበጠ ወይም ከልክ በላይ የሚግል ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ቤትዎን ለአንድ ባትሪ ብለው ለአደጋ አያጋልጡ፤ አይሙሉት፥ አይክፈቱት፥ ልጆችም አይንኩት።

በየጽሕፈት ቤታችን ፋይሉ ሳይመረመር ውሳኔ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ በባትሪውም ላይ ከመፍረድ በፊት ምርመራ ይቅደም።