መንዙማችን የአቤቱታችን መዝገብ ነው



ውድ የሐይቅና የአምባሰል ጀመዓዎች! ከዚህ ወደ ደሴ ስንወጣ ቦሩ ሜዳን እናልፋለን። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው በሆስፒታሉ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ የጠሩት እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ፤ ብዙው አገሩን ጥሎ ተሰደደ።

ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ያን ግዳጅ በመቃወም ተነሱ። ግጥምም ገጠሙ፤ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል፣ ዐጀሚ በምንለው አጻጻፍ። አማርኛ መሆኑን ልብ በሉልን። ኪታብ ያልቀራው ገበሬም ሲሰማው ይገባዋል። መንዙማ ደግሞ አውጪው አንድ፣ ተቀባዩ ጀመዓው ሁሉ ነው፤ አዝማቹ እየተደጋገመ በአንድ ሌሊት በቃል ይያዛል። አቤቱታው የሚቀርበው ለአላህ ስለሆነ ዱዓ ነው፤ ዱዓ ያደረገን ሰው ምን ብሎ መክሰስ ይቻላል? (ከሳሽ አይጠፋም፣ እናውቃለን።)

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ እኩልነት ጠይቆ አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፍ ክርስቲያን ወገኖቹም አብረውት ወጥተዋል። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ጥያቄ ስሙ ራሱ መፈክር ሆነ፦ ድምፃችን ይሰማ! ጁምዓ ጁምዓ ተክቢራ አሰማን፤ አንዳንዴም ዝም ብለን ቆምን። ሐምሌ ላይ ወኪሎቻችን ሲታሰሩ ነሺዳው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ።

ድቤ ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም የሚል ክርክር በመካከላችን አለ፤ አንደብቀውም። ያኔ ግን መንዙማ የሚወደውም የሚነቅፈውም አንድ ሶፍ ላይ ቆሟል። አሁን ክርክሩ እየበረታ ወጣቱ የአያቶቹን ግጥም ለመስማት እንኳ ሲያፍር እያየን ነው፤ ይህ ያሳስበናል። አዲስ ነሺዳ የምትገጥሙ ወንድሞችና እህቶችም ቁጣችሁ በዳዩ ላይ ይሁን። የብዙዎቻችን አክስት ወይም አያት ክርስቲያን ናት፤ እሷ ሰምታ የምታዝንበት ስንኝ አይግባ።

አምባሰል ስሙን ለቅኝት የሰጠ አገር ነው፤ ግጥም አዋቂ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እያለፉብን ነው። በዚህ ሳምንት ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱና ቅዷቸው። ግጥሙን ማን እንደገጠመው፣ ምን በደል ደርሶ እንደተገጠመ ጠይቃችሁ ጻፉ። ድቤውን የማይፈልግ ቃሉን ብቻ ይቅዳ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።