ከሽምጥ በፊት ርምጃ፤ ስለ ፈረስ አካሄድ በማኅበራችን ስብሰባ የተነገረ



ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከሻምቡና ከደምቢ ዶሎ የመጣን ተማሪዎች ስንገናኝ ስለ ፈረስ ብዙ እንፎክራለን። የሆሮ ፈረስ በስሙ ተለይቶ የሚታወቅ ዝርያ መሆኑን፣ ራስ ጎበና «አባ ጥጉ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም «አባ መቻል» ተብለው በፈረስ ስም መጠራታቸውን እናነሣለን። ዳሩ ግን ከመካከላችን እርካብ ረግጦ የወጣ ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ እጅ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

የፈረስ አካሄድ በዋናው አራት ነው። በርምጃ ጊዜ አራቱ ኮቴዎች በየተራ ያርፋሉ፤ ጆሮውን የሰጠ ሰው አራት ድምፅ ይቈጥራል። በሶምሶማ የቀኝ ፊት እግር ከግራ ኋላ እግር ጋር አብሮ ስለሚነሣ ድምፁ ሁለት ነው፤ ጀማሪውን እንደ ጥሬ በሰፌድ ላይ የሚያንገዋልለውም ይኸው ነው። ደንገላሳ ሦስት ድምፅ አለው። ሽምጥ ሲጋለብ እንደገና አራት ይሆናል፤ ግን ማን ረግቶ ይቈጥረዋል? ሽማግሌዎቻችን የሚያመሰግኗት ሰጋር በቅሎ ከነዚህ ለየት ትላለች፤ በአንድ ወገን ያሉትን እግሮቿን አከታትላ ስለምታነሣ ተቀማጩን አታነጥርም።

በበዓል ሜዳ የምናየው ጉግስና ሽቅድድም ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ ለጀማሪ ግን ቦታ የላቸውም። መቀመጥ ያልለመደ ወጣት ሚዛኑን በልጓሙ ላይ ይጥላል፤ በብዙ ቦታ የሚታየው ልጓማችን ደግሞ መንጋጋን የሚከብ የብረት ቀለበት ስላለው፣ ዛቡ ያለ ልክ ሲሳብ የፈረሱ አፍ ይደማል። ያንን ደም እያየን «ጎበዝ!» ብለን ማጨብጨባችን ያሳፍራል።

በውጭ አገር ለጀማሪዎች ርምጃና ሶምሶማ ብቻ የሚታይበት ውድድር አለ። ቀድሞ የደረሰ አይሸለምም፤ ዳኛው ከሜዳው መካከል ቆሞ ጀርባው የቀና፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ እጁ የረጋ ማን እንደ ሆነ ይመለከታል። በሶምሶማ ጋላቢው ከኮርቻው ብድግ ቍጭ ይላል፤ በክብ ሲዞርም ብድግ የሚለው የውጭው ፊት እግር ወደፊት ሲወነጨፍ ነው። የኛ ኮርቻ ፊትና ኋላው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ይህ ሳያስቸግር አይቀርም፤ ስለዚህ ብድግ ቍጭ ማለቱ በግዴታ አይጠየቅ እንላለን።

በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ለኛም በነቀምቴ አንድ ሜዳ፣ ጥቂት ገመድና ፈረስ የሚያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች ይበቁናል። በመጀመሪያው ዓመት ሽምጥ የጋለበ ከውድድሩ ይውጣ። ፈረሶቹን ከገበሬዎች እንለምናለን፤ ኪራይ በብር ይከፈል ወይስ ገብስ ይበቃል የሚለውን ዛሬ እዚሁ እንነጋገርበት።