ማሽኑ ሲጠፋ የሚብስበት ወለል

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸቤ የቡና አገር ናት። ቡና በሚቀሸርበት ወቅት ደግሞ ጀንፈሉ ይፈለፈላል፣ ገለባው ይነፋል፣ ፍሬው በወንፊት በየመጠኑ ይለያል። ታዲያ ፍሬው በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድለት ወንፊቱን የብረት ፎቅ ላይ የሚሰቅል ባለ መቀሸሪያ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ወለሉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «ትራቪ ጨምርበት!» ዛሬ የምሟገተው ከዚህ መልስ ጋር ነው።

ማንኛውም ወለል የራሱ ምት አለው። ዘላችሁ ብታርፉበት በዚያው ምት ይርገበገባል። ምቱን በግምት ለማወቅ፣ ትራቪው በተሸከመው ክብደት ስንት ሚሊሜትር እንደጎበጠ አስሉና 18ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት አካፍሉ። ጉብጠቱ 9 ሚሊሜትር ከሆነ 18 ለ3፣ በሴኮንድ 6 ጊዜ ማለት ነው።

ወንፊቱ በደቂቃ 540፣ በሴኮንድ 9 ጊዜ ይወዛወዛል እንበል። ወለሉ 6፣ ወንፊቱ 9፤ አይገናኙም። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይቻላል። በያጁ መጥቶ ትራቪ ሲጨምር ጉብጠቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ወረደ። 18 ለ2 ስንት ነው? 9! ገንዘብ ከፍላችሁ ወለሉን ከወንፊቱ ጋር እስክስታ አስገባችሁት። ባዶ ብረት ንዝረት የመዋጥ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ፣ ምት ከምት ሲገጥም እንቅስቃሴው በስሌት እስከ 50 እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

ስለዚህ ከብየዳ በፊት ማሽኑን አጥፉና ወለሉን በእግራችሁ አዳምጡ። ፍጥነቱ ቀንሶ ሊቆም ሲል የወለሉ መንቀጥቀጥ ድንገት ከበረታ፣ የወለሉ ምት ከማሽኑ በታች ነው፤ ትራቪ ወደ ማሽኑ ያስጠጋዋል። እንደጠፋ ወዲያው እየረገበ ከሄደ ግን ማጠንከሩ ሊረዳ ይችላል። ጆንያውንም አትርሱ፤ 20 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ቡና 1,200 ኪሎ ነው፣ ክብደት ሲጨምር ደግሞ የወለሉ ምት ይወርዳል። ጠዋት ደህና የነበረ ወለል ከሰዓት የሚታወከው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ምንጩን ፈልጉ፦ የተበላ ኩሽኔታ፣ የላላ ቡሎን፣ የተጣመመ ፑሌጃ። ሚዛኑን የሳተ ነገር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፑሌጃ ቀይሮ ፍጥነቱን ከወለሉ ምት ማራቅም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው።

አሮጌ ጎማ ከሥሩ ማስገባትስ? በማሽኑ ክብደት 2 ሚሊሜትር ብቻ የሚጨመቅ ጎማ የራሱ ምት በሴኮንድ 11 ገደማ ስለሆነ፣ የዚያን ወንፊት ንዝረት ያባብሰዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚያስፈልገው ወደ 28 ሚሊሜትር የሚወርድ ሞላ ነው፤ ያኔ ወደ ወለሉ የሚያልፈው ግፊት ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። ቦታ ካለ ደግሞ ወንፊቱን መሬት ላይ፣ ከባድ አርማታ ላይ ማሰር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሴኮንድ 9 ጊዜ የሚወዛወዝ ማሽን በ8 ሰዓት ሥራ ወለሉን ከ250 ሺህ ጊዜ በላይ ያጎብጠዋል፤ በስምንት ቀን 2 ሚሊዮን ያልፋል። አንዴ ቢጫን ብረቱን የማይጎዳው ጭነት በዚህ ብዛት ሲደጋገም ብየዳው ጥግ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይጀምራል፤ ቀለሙ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ይታያል። ያን ካያችሁ ማሽኑን አጥፉ፣ ጆንያውን አውርዱ፣ ከፎቁ ሥር ሰው አታሳልፉ።