ኤርምያስ ይናገር፣ ባሮክ ይጻፍ

በሆሳዕና ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ በምርኮና በእስራት ብዙ ዘመን ቆይተው በሕይወት ስለ ወጡ ሰዎች፣ ደግሞም ያዩትን ስለ መጻፍ ነው። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 13 ቁጥር 3 እስረኞችን እንድናስብ ታዘናል። ይህ ትእዛዝ እስረኛው በተፈታ ቀን ያበቃልን? አያበቃም እላለሁ። ሦስት ሰዎችን ላስታውሳችሁ።

የመጀመሪያው ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነው። በ1856 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በጎንደር ተደብድቦ ታሰረ። ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ቀድሞ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ትውልድ የጻፈው ቃል ነበረ። በኋላም ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ አምባ በሰንሰለት ቆየ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በደረሰ ጊዜ በትንሣኤ ሰሞን ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የምርኮውን ታሪክ በገዛ እጁ ጽፎ አሳተመ።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ቴሪ ዌት ነው። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ መልእክተኛ ሆኖ የታገቱትን ለማስፈታት ቤይሩት ሄደና በጥር ወር 1987 እ.ኤ.አ. ራሱ ታገተ። 1,763 ቀን ተያዘ፤ ከዚህም አራት ዓመት ያህል ለብቻው ነበረ። ላለመጸጸት፣ ለራሱ ከንፈር ላለመምጠጥ፣ በትዝታ ላለመዋጥ ከራሱ ጋር ቃል ገባ። ወረቀትና እርሳስ ስላልነበረው መጽሐፉን በልቡ ጻፈው። ከተፈታ በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ታተመ።

ሦስተኛዋ የራሳችን እናት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ናቸው። ባለቤታቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጉባኤ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በ1972 ዓ.ም. እርሳቸውም ታሰሩ፤ ብርቱ ግርፋት ተቀበሉ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት ቆዩ። ሲፈቱም የባለቤታቸው አስከሬን የት እንደ ወደቀ አልታወቀም ነበር፤ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ግን ያለፉበትን ለሌላ ሰው ነገሩ፤ ኖርዌጃዊቷ ኦድ ሴቬሮስ ሰምተው መጽሐፍ አድርገው ጻፉት።

እንግዲህ አንዱ ወዲያው ጻፈ፤ አንዱ በልቡ ይዞ ቆይቶ ጻፈ፤ አንዷ ተናገሩ፣ ሌላ ሰው ጻፈላቸው። ለእኛ አገር የሚቀርበው ይህ ሦስተኛው መንገድ ነው። አዲስም አይደለም፤ ኤርምያስ በተከለከለ ጊዜ እርሱ ይናገር ነበር፣ ባሮክም በቀለም ይጽፍ ነበር።

ወገኖቼ፣ በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናንና አገልጋዮች ታስረዋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫ ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡ አዛውንት ምን እንዳለፈባቸው ማን ጠየቃቸው? ደርግ ከወደቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። በየወሩ ወደ ቀብር እንሄዳለን፤ ከእያንዳንዱ ሣጥን ጋር ያልተጻፈ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ለወጣቶችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ጥቂት ነገር አደራ እላለሁ።

በመጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ቡና ሲፈላ፣ ወይም እናቶች እንሰት በሚፍቁበት ቦታ ተቀምጣችሁ ስሙ እንጂ እንደ መርማሪ አታጣድፉ። የታሰረ ሰው በጥያቄ ብዛት ተሰቃይቷል። «ይበቃል» ካሉ ደብተሩን ዝጉ።

ሁለተኛ፣ በሀዲይኛ ቢናገሩ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛ ቢናገሩ በከምባትኛ ጻፉ። ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። በሕይወት ያለ ሰው ስም ካለበት ተጠንቀቁ። የስተርንን ነገር አትርሱ፤ በቸልታ የተጻፈ ቃል ሰንሰለት ያመጣል።

አራተኛ፣ ሁለት ቅጂ አድርጉ። የኤርምያስን ጽሑፍ ንጉሡ በእሳት አቃጠለው፤ ባሮክም እንደገና ጻፈው።

አምስተኛውን ስናገር ራሳችንንም እወቅሳለሁ። እኛ የእርዳታ ድርጅት ነን፤ ለደጋፊዎቻችን ታሪክ እንልካለን። ነገር ግን እርዳታ ለማሰባሰብ ስንል የሰውን ቁስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አንዘርጋ። ታሪኩ አስቀድሞ የባለቤቱ ነው፤ ቀጥሎም የልጆቹና የጉባኤው ነው። ለእኛ የሚደርሰን ሲፈቅዱልን ብቻ ነው።

የምንጽፈው ቂም ለማውረስ አይደለም። ነገ የሚታሰረው፣ የሚታገተው ወንድማችን በጨለማ ሳለ ከእርሱ በፊት በዚያ ያለፈ ሰው እንደ ነበረና እንደ ወጣ እንዲያውቅ ነው።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከጎረቤታችሁ ያሉትን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አስቡ። በዚህ ሳምንት ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።