በሽምግልና ጊዜ ስለሚመጣ የልብ ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ኤልያስ የበኣልን ነቢያት በካርሜል ተራራ ካሳፈረ በኋላ የኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ነፍሱን እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። እሳት ከሰማይ በጸሎቱ የወረደለት ነቢይ ሞትን ተመኘ። የተላከለት መልአክ ግን አልገሠጸውም፤ ስለ እምነቱ ማነስም አልወቀሰውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ እንደ ገና ቢተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው።

እኛ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስተምረናል፤ የመልአኩን ሥራ ግን አልሠራንም። ከንስሓ ልጆቻችን አንዲት አረጋዊት እናት ኪዳን ሳያስታጉሉ ይመጡ የነበሩ፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ልንጠይቃቸው ብንሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ተኝተው አገኘናቸው። እህል አይቀምሱም፤ እንቅልፍም ገና ሌሊት ሳለ ይሸሻቸዋል፤ ጎረቤት ይሰበሰብበት የነበረው ረከቦት አቧራ ለብሷል። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ረስቶኛል» አሉን። እኛም ስንፍና መስሎን ስግደት ጨመርንባቸው! መስገድ ሲያቅታቸው ይህንኑ እንደ አዲስ ኃጢአት ቆጠሩት፤ ኀዘናቸውም ጠና። ልጃቸው ወደ ሐኪም የወሰደቻቸው እኛን ሳታማክር ነው፤ ደግ አደረገች።

ሐኪሞች ይህን ደዌ ድባቴ ይሉታል። በሽማግሌዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ «ወገቤን፣ ሆዴን» በማለት ወይም በመርሳት ይሰወራል፤ ቤተ ሰብም እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። የእንቅርት ዕጢ መድከም ወይም ለሌላ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ያመጣው እንደ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ይመረምራል። ከዚያም በንግግር ያክማል፤ ክኒን ቢያስፈልግ ለአረጋዊ ሰው በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ጥቅሙ እስኪታይ 4 ወይም 6 ሳምንት፣ በሽምግልናም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎች ግን በ10ኛው ቀን ይተዉታል፤ የተሻላቸውም ሐኪሙን ሳይጠይቁ ያቋርጡታል፤ በሽታውም ይመለሳል።

ወደ ጠበል የምትሄዱ ሆይ፤ ክኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪሙም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለታመመ ሰው የጾም ሥርዓት ይላላል፤ ሽማግሌዎች ይህን ለመጠየቅ ያፍራሉና እኛ ካህናት ቀድመን እንንገራቸው።

እንደ ኤልያስ ሞትን የሚመኝ አረጋዊ በቤታችሁ ቢኖር ግን ቃሉን እንደ ሽማግሌ ወግ አትስሙት። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እኒያን እናት በሦስተኛው ወር ጠየቅናቸው። ረከቦቱ ታጥቦ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ስለዚያ ስግደት ይቅርታ ብንጠይቃቸው፣ ቡናው እንዳይቀዘቅዝብን አሳሰቡን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።