ጭንቀት በደማችን ውስጥ
ሮቢት ላይ የቀረበ ዲስኩር



ለሮቢት ሰው ጭንቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የ77ቱን ረሃብ ያሳለፉ ሰዎች ዛሬም በመካከላችሁ አሉ። የሰሜኑ ጦርነትም በ2013 ክረምት ቆቦ ደርሶ፣ በነሐሴ 2014 በዚሁ አካባቢ እንደገና ተቀስቅሷል። ለተጨነቀ ሰው «ሐሳብ አታብዛ» ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ አምናለሁ፤ ጉዳዩ ደም ውስጥ ይገባልና።

ድንጋጤ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ኮርቲሶል ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባና እዚያ የሚጠብቀውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደ አስኳሉ አልፈው ዲኤንኤው ላይ ያርፋሉ። ያን ጊዜ አንዳንዱ ጂን ሥራ ይጀምራል፣ ሌላው ያቆማል፤ በተለይ ብግነት የሚያስነሱት ጂኖች ይረግባሉ። ጂኑ ራሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሥራው ነው። ጭንቀቱ ቶሎ ካለፈ ይህ ሁሉ ለጤናችን የተሠራ ነው።

ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማሽላ ጠባቂ ማማው ላይ ሆኖ ቀን ከሌት ቢጮኽ ሰሚ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ሕዋሶቹም ለኮርቲሶል ጆሮ መስጠት ይተዋሉ። የካሊፎርኒያው ስቲቭ ኮልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ለረጅም ጊዜ ብቸኝነት የተሰማቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ፣ የብግነት ጂኖች ሥራ በርትቶ፣ ቫይረስ የሚከላከሉት ደክመው አገኙ። በካንሰር የታመመ ዘመዳቸውን በሚያስታምሙ ሰዎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ኮርቲሶላቸው ከሌላው ሰው ሳይለይ፣ ሕዋሶቻቸው ግን አይታዘዙትም ነበር። ማስታመም ምን ያህል እንደሚጎዳ እናቶች ሳትነግሩን ደማችሁ ይናገራል።

ረሃብም እንዲሁ በሰውነት ላይ አሻራ ይተዋል፤ በዚሁ በወረዳችሁ በራያ ቆቦም ጥናት ተደርጎበታል። ጌታቸው አራጌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ በረሃቡ ዘመን በማሕፀን የነበሩ የወረዳው ሰዎች ካደጉ በኋላ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከደም ቅባት ጋር ለተያያዘ የጤና ችግር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ጥናቱ ጂን አላነበበም። በኔዘርላንድስ ግን እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በረሃብ ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ደማቸው ሲታይ፣ አንድ የዕድገት ጂን ላይ የሚቀመጠው ኬሚካላዊ ምልክት ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህን ሰምቶ «የእነ እገሌ ዘር ተበላሽቷል» የሚል እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ያ ሐሰት ነው፤ ጭካኔም ነው።

የወልዲያ ዩኒቨርሲቲንና የጤና ባለሙያዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ያረገዙ እናቶችን ከነልጆቻቸው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ከአሁኑ ጀምራችሁ ተከታተሉ። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣውንም እናት ደም ግፊቷን ስትለኩ፣ እንቅልፏንና ፍርሃቷን አብራችሁ ጠይቋት።