የሞት ቅጣት ከሕጋችን ይውጣ

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ በአርባ ምንጭ ከተማ ለተሰበሰቡ መራጮች ያደረጉት ንግግር)

በምርጫ ሰሞን ወደ እናንተ የሚመጣ ፓርቲ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሥራ አጥነት ሊናገር ይገባዋል። የፕሮግራማችን ሌሎች ክፍሎች ይህንኑ ይዘዋል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ግን ድምፅ ያስገኛል ተብሎ ስለማይታሰብ አንድ ጉዳይ ለመናገር ነው። ፓርቲያችን ከተመረጠ የሞት ቅጣትን ከኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚያስወጣ ረቂቅ ለምክር ቤት ያቀርባል። ይህን ለምን እንደምናደርግ ከድምፃችሁ በፊት የማወቅ መብት አላችሁ።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ሕይወቱን አያጣም ይላል። ይህ ድንጋጌ የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 ቅጣቱ የሚፈጸመው በርእሰ ብሔሩ ሲጸና ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ስለሆነም ቅጣቱን ለማስቀረት ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አያስፈልግም። የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የተወካዮቹ ድምፅ ይበቃል። ተወካዮቹን የምትመርጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

አሁን አንድ ወር ላስታውሳችሁ፤ ሐምሌ 1999። በወሩ መጀመሪያ ዐቃቤ ሕግ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ላይ የሞት ቅጣት እንዲወሰን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 9 ቀን በዋና ዋናዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ በይቅርታ ተፈቱ። ሐምሌ 18 ቀን ሩዋንዳ የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰረዘች። በ1986 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎቿ የታረዱባት አገር ናት፤ ለመበቀል ከማንም የበለጠ ምክንያት ነበራት። ሐምሌ 30 ቀን ደግሞ በእኛው አገር በሻለቃ ፀሐዬ ወልደሥላሴ ላይ የሞት ቅጣት ተፈጸመ። የተፈረደበት የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በግንቦት 1993 በመግደሉ ነው። ከዚያ ወዲህ በፍርድ የተፈጸመ የሞት ቅጣት በይፋ አልተነገረም፤ ፍርድ ቤቶች ግን መፍረዳቸውን አላቆሙም።

የዐቃቤ ሕጉ ጥያቄ በሐምሌ 1999 ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሞት ከተጠየቀባቸው አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ከ2011 እስከ 2015 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የ2013ን ምርጫ የመራው እርሳቸው የሚሰበስቡት ቦርድ ነው። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በታኅሣሥ 2002 ደግሞ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አብረዋቸው የተፈረደባቸው አንዳርጋቸው ጽጌ በ2006 ከየመን ተይዘው መጡ፤ በግንቦት 2010 በይቅርታ ተፈቱ። እነዚህን ሰዎች መደገፍም መቃወምም ይቻላል። ነገር ግን በአንድ ዘመን ሞት የተገባው የተባለ ሰው በሌላ ዘመን ሹመት የሚሰጠው ከሆነ፣ እንዲህ ተለዋዋጭ በሆነ መንግሥት እጅ የማይመለስ ቅጣት ሊተው አይገባም። ይህን የምንለው በሥልጣን ላይ ስላለው መንግሥት ብቻ አይደለም። እኛ ብንመረጥም ይህ ሥልጣን በእጃችን እንዲኖር አንፈልግም።

ስለ ፖለቲከኞች ብቻም አንናገር። ከቦንኬ ወይም ከጨንቻ ደጋ የመጣ፣ አማርኛ የማይችል አንድ ድሃ ገበሬ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ እንበል። ቃሉን በጋሞኛ ሰጥቶ በአማርኛ ይጻፍበታል። ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ጠበቃም አስተርጓሚም በመንግሥት ወጪ ያገኛል ይላል። ሆኖም በርካታ መዝገብ የተሸከመ አንድ ተከላካይ ጠበቃ ለዚህ ሰው ስንት ሰዓት ይኖረዋል? አንድ ቃል ተዛብቶ ቢተረጎምና ይህ ከዓመታት በኋላ ቢታወቅ፣ የታሰረ ሰው ይፈታል፤ የተገደለን ሰው ግን ይግባኝ ሰሚ ችሎት አያስነሳውም።

ወንጀለኛን ያስፈራል የሚሉ አሉ። ታሪካችን ግን ሌላ ያሳያል። በ1953 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአዲስ አበባ በአደባባይ ተሰቀሉ፤ 14 ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ራሱ ወደቀ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ አገሪቱ ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘችም። በግንቦት 1982 አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ፤ በዓመቱ ደርግ ፈረሰ። በሌሊት ቤት ሰብሮ የሚገድልም አንቀጽ 539ን አንብቦ አይወጣም፤ አልያዝም ብሎ ነው የሚወጣው። እርሱን የሚያስፈራው እንደሚያዝ ማወቁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የተጎጂዎች ነው። «የእኔ ልጅ ሞቶ ገዳዩ ይኖራል ወይ?» የምትል እናት መልስ ይገባታል። የቀይ ሽብር ሰማዕታት ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ለዓመታት ተሸክመዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 በኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና በግብረ አበሮቻቸው ላይ ሞት ፈረደ። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ ብዙዎቹም በመስከረም 2004 በአመክሮ ወጡ። ይህ ያስቆጣው ቤተሰብ አለ፤ ቁጣውም አግባብ አለው። ይሁንና ከእነዚያ ሰዎች መካከል ፍቅረሥላሴ ወግደረስና ፍስሐ ደስታ ከእስር በኋላ ስለ ዘመኑ መጻሕፍት ጽፈዋል። የጻፉትን ሁሉ አንቀበል ይሆናል፤ ግን የሞተ ሰው አይጠየቅም፣ አይሞገትም፣ የተቀበረበትንም ቦታ አያሳይም።

የጋሞ ሕዝብ ለዚች እናት የሚሆን መልስ ለአገር አሳይቷል። በመስከረም 2011 በቡራዩና በአካባቢው ንጹሐን ሲገደሉ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዚህ ምድር ልጆች ነበሩ። የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ አደባባይ በወጣ ጊዜ አባቶቻችን እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያ ተግባር ገዳይ አይጠየቅ ማለት አልነበረም፤ ደም በደም አይመለስ ማለት ነበር። እርቅ የፍርድ ቤትን ቦታ ይተካ አላልንም። በዱቡሻ የሚፈርድ ሽማግሌ ያሳየውን ትዕግሥት መንግሥትም ያሳይ ነው የምንለው።

ስለሆነም ፓርቲያችን የሚከተሉትን ቃል ይገባል፤

1. በወንጀል ሕጉ ውስጥ ያለ የሞት ቅጣት ሁሉ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት እንዲተካ ረቂቅ ያቀርባል።

2. ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ምንም የሞት ፍርድ እንዳይፈጸምና አስቀድሞ የተፈረደባቸው ሰዎች ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለወጥ ለርእሰ ብሔሩ ያመለክታል።

3. የሞት ቅጣትን ለማስቀረት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1982 የተቀበለውን ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ እንድታጸድቅ ይሠራል።

4. ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ከ20 ዓመት በኋላ አመክሮ ሊጠይቅ እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። በከባድ ግድያ የተፈረደበት ሰው ግን የሟች ቤተሰብ ቀርቦ ሳይሰማ አመክሮ እንዳያገኝ ያደርጋል።

5. ለሟች ቤተሰብ መደገፊያ የሚሆን ፈንድ ያቋቁማል፤ የምርመራ ፖሊስን፣ የተከላካይ ጠበቆችንና የአስተርጓሚዎችን አቅም ያጠናክራል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ሌሎች ፓርቲዎችም ወደዚህ ይመጣሉ። ስለ መንገዱና ስለ ውሃው እንደምትጠይቋቸው ሁሉ፣ ሥልጣን ስትይዙ በሰው ሕይወት ላይ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው። የእኛን መልስ ሰምታችኋል። ካመናችሁበት ድምፃችሁን ስጡን፤ ካላመናችሁበትም አሁኑኑ ተነሥታችሁ ሞግቱን።